መዲና የቀመሰችው ድንጋይ

ይህን ታሪክ ስነግራችሁ ራሴን ደግ አድርጌ እንዳላቀርብ እፈራለሁና አስቀድሜ ልናዘዝ። መዲናን ዓመቱን ሙሉ ከክፍሌ ያስወጣኋት እኔ ነኝ። በቁጣ አይደለም፤ አዝኜላት ነው። ከቁጣው ይልቅ ማዘኔ እንደጎዳት የገባኝ በኋላ ነው።

ያኔ አዋሽ ከተማ በሚገኝ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ አስተምር ነበር። የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ። ብርድ ያሳደገው ሰው አዋሽ ላይ ስድስት ዓመት ሲቀመጥ ምን እንደሚሆን የሚያውቀው የተቀመጠበት ብቻ ነው። ከሰዓት በኋላ ጠመኔው በላብ እጄ ላይ ይላቁጣል፤ ተማሪው ያንጎላጃል፤ እኔም እየተናገርኩ አንጎላጃለሁ። አላገባሁም፣ አልወለድኩም። አባቴ ካረፈ ወዲህ እናቴ ብቻዋን ናት። በየዓመቱ ዝውውር እጠይቃለሁ፣ በየዓመቱ ሳይሳካ ይቀራል። በዚያ ዓመት ግን ፋሲካ እንዳለፈ ደብዳቤው መጣ፤ ከመስከረም ጀምሮ ደብረ ብርሃን ተመድቤያለሁ። ደብዳቤውን ከቦርሳዬ አላወጣውም ነበር።

መዲና የአሥረኛ ክፍል ተማሪዬ ናት። አፋር ናት። በሰባት ዓመቷ ኩፍኝ ዓይኗን አጥፍቶታል። ደጋ ባለ አንድ የዓይነ ስውራን አዳሪ ትምህርት ቤት ጥቂት ዓመት ቆይታ ብሬልና አማርኛ ተምራ ተመልሳለች። አባቷ ሁመድ ከብቶቹን ድርቅ ከጨረሰበት በኋላ ወደ ከተማ ገብቶ የጭነት መኪኖች የሚያድሩበትን ግቢ ይጠብቃል።

በትምህርት ቤታችን ዓይነ ስውር ተማሪ ሒሳብና ሳይንስ አይማርም ነበር። ልማዱን እኔ አላመጣሁትም፤ ስመጣ የጠበቀኝ ነው። የመጀመሪያው ቀን መዲና ፊት ለፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ ሳገኛት ትከሻዋን ዳበስ አድርጌ፣ «የኔ ልጅ፣ በእኔ ክፍለ ጊዜ እዚህ ከምትሰለቺ ቤተ መጻሕፍት ሄደሽ እረፊ» አልኳት። ተነስታ በበትሯ መሬቱን እየነካካች ወጣች። ከዚያ በኋላ ስለ እሷ አላሰብኩም።

ግንቦት ውስጥ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ከአርብቶ አደር ቤተሰብ ለመጡ ልጃገረዶች ክረምቱን ሰመራ ላይ የሳይንስ ሥልጠና ሊሰጥ ነው። የሚመረጡት እዚያው ተፈትነው ነው፤ ያለፈችው ዩኒቨርሲቲ እስክትገባ ድረስ ክትትል ይደረግላታል። ፈቃደኛ ልጆችን እንድመዘግብ ለእኔ ተሰጠኝ። ሁለት ልጆች ስማቸውን አስመዝግበው ቤተሰብ ስለከለከላቸው ቀሩ። በሦስተኛው ቀን መዲና የመምህራን ክፍል በር ላይ ቆመች።

«ቲቸር፣ ስሜን ይጻፉልኝ።»

«የት ልጻፍሽ?»

«ሰመራ ለሚሄዱት።»

እርሳሴን አስቀመጥኩ። «መዲና፣ ይሄ የሳይንስ ነው። ቤተ ሙከራ አለው፣ በዓይን የሚታይ ነገር አለው። ለምን ራስሽን ታደክሚያለሽ?»

እንደ ንባብ በተረጋጋ ድምፅ እንዲህ አለችኝ፦ «አሲድና ቤዝ ያስተማሩ ቀን ሎሚ ይዘው መጥተው ነበር። የእምነ በረድ ስባሪ ላይ ጨምቀው ‹ጆሯችሁን አስጠጉ፣ ይሰማል› አሉ። ኖራ ያለበት ድንጋይ አሲድ ሲነካው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል አሉ። ከዚያ አንድ ልጅ ሎሚውን ሰርቆ በላውና ሳቁ።»

«ማን ነገረሽ?»

«እርስዎ ነዎት።»

«ቤተ መጻሕፍት አልነበርሽም እንዴ?»

«እዚያ በብሬል የተጻፈ መጽሐፍ የለም። ውጭ፣ ከክፍላችን መስኮት ሥር ነው የምቀመጠው።»

የዚያ ክፍል መስኮት ወደ ምዕራብ ነው። የእኔ ክፍለ ጊዜ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ነበር። ግድግዳው በዚያ ሰዓት እጅ አያስነካም። ስሟን ጻፍኩላት። ልዋሽ አልፈልግም፤ የጻፍኩት ስላመንኩባት አልነበረም። እኔ እምቢ ማለት ስላፈርኩ፣ ሰመራ ያሉት ሰዎች በእኔ ፈንታ እምቢ እንዲሏት ነበር።

ሐሙስ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አባቷ ሚኒባሱ ድረስ ሸኘን። ረጅም፣ ቀጭን፣ ንግግሩ ቁጥብ የሆነ ሰው ነው። «መምህርት» አለኝ፣ «አንቺ ክንድሽን ስጫት፣ እሷ ትይዝሻለች። አንቺ ከያዝሻት ትጎትቻታለሽ።» ከዚያ ለልጁ በአፋርኛ አጭር ነገር ተናግሮ ከባድ ጨርቅ ከረጢት ጭኗ ላይ አስቀመጠላት።

ገዋኔን እንዳለፍን ጎማ ፈነዳ። ተሳፋሪው በመኪናው ጥላ ሥር ተኮለኮለ። መዲና ግን ከመንገዱ ዳር ቁጭ ብላ መሬቱን በእጇ ታስስ ጀመር። ጊንጥ እንዳይነድፋት ተከተልኳት። አንድ ጥቁር ድንጋይ አንስታ እያገላበጠች፣ «ቲቸር፣ ይሄ ቀዳዳ ቀዳዳ የሆነው ለምንድን ነው?» አለችኝ።

«ከእሳተ ገሞራ ቀልጦ ሲወጣ ውስጡ ጋዝ ነበረ። ሲቀዘቅዝ የጋዙ ቦታ ባዶ ቀረ።»

«ታዲያ አንዳንዱ ቀዳዳ ውስጥ ሌላ ድንጋይ የሚገኘው እንዴት ነው? ከዚያ በኋላ ማን አስገባው?»

በስድስት ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ጥያቄ የጠየቀኝ ተማሪ አልነበረም። መልሱንም እርግጠኛ ሆኜ አላውቀውም። አላውቅም ስላት ደስ ያላት መሰለኝ።

ከረጢቱን ከፈተችልኝ። ሙሉ ድንጋይ ነው። አባቷ የሚጠብቀው ግቢ ውስጥ የሚያድሩት የጅቡቲ መስመር ሹፌሮች ከየቦታው ያመጡላት ነበር። አንድ በአንድ እያወጣች እጄ ላይ ታስቀምጣለች፦ «ይሄ የሰርዶ ነው። ይሄኛውን ከዲቾቶ ወዲያ ጎማ ሲቀይር ያገኘው ነው። ይሄን ያመጣልኝ ሹፌር አሁን ሥራ ትቷል።» ለእሷ መንገዱ ሁሉ በዚያ ከረጢት ውስጥ ነበር። እኔ በዚያ መንገድ ስንት ጊዜ ስመላለስ መጋረጃ ጋርጄ ነው የምተኛው።

ሰመራ የደረስነው ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ነው። ነፋሱ ከምድጃ የወጣ ይመስላል። ባጃጅ ይዘን ማረፊያ ፈለግን፣ አልጋ ያዝን። በማግስቱ ጠዋት ፈተናው ወደሚሰጥበት አዳራሽ ስንገባ ሃያ የሚሆኑ ልጃገረዶች ተቀምጠዋል። ስም ዝርዝሩን የያዘው ወጣት አስተባባሪ ክንዴን ይዛ የምትመጣውን ልጅ ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። ወደ ጎን ወሰደኝና በትሕትና፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተናገረ።

«መምህርት፣ ፈተናው በወረቀት ነው። ከሰዓት ደግሞ የድንጋይ ናሙና መለየት አለ። ልጅቷን ለምን ያደክሟታል?»

ቃሉ የእኔው ነበር። ያው ርኅራኄ፣ ያው ለስላሳ ድምፅ። ከሰው አፍ ስሰማው ምን እንደሚመስል ለመጀመሪያ ጊዜ አወቅሁ። እዚህ ድረስ ያመጣኋት ይህን መልስ ይዛ እንድትመለስ ነበር፤ መልሱም መጣ። ዞር ብዬ ሳያት አንገቷን ቀና አድርጋ ቆማለች። ሰምታለች።

«እኔም እንደዚሁ ብያት ነበር» አልኩት። «ተሳስቻለሁ። ፈተናው የዓይን ነው ወይስ የሳይንስ?»

ድምፄ ሳላስበው ከፍ ብሎ ነበር። ጸጉራቸው የሸበተ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሰቀሉ ሰው ከአዳራሹ ጫፍ መጡ። ዶክተር ይልማ ይባላሉ፤ ጂኦሎጂስት ናቸው፤ ሥልጠናውን የሚመሩት እሳቸው ናቸው። አስተባባሪው ነገሩን ሲያስረዳቸው ሰሙና ወደ እኔም ወደ እሱም ሳይዞሩ መዲናን ጠየቋት።

«አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«ጥያቄውን ሰው ያንብብልኝ» አለች። «ድንጋዩን ግን እጄ ላይ ይስጡኝ።»

ዶክተሩ ጥቂት አሰቡ። «መምህርቷ ልታነብልሽ አትችልም፣ ተማሪዋ ነሽ። ከቢሮ ሰው እጠራለሁ» አሉ።

አንዲት ጸሐፊ ተጠርታ ሌላ ክፍል ይዛት ገባች። እኔ ውጭ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ሁለት ሰዓት ሙሉ የተዘጋ በር አየሁ። ስትወጣ ከንፈሯ ደርቋል።

«ሒሳቡን አልሠራሁትም» አለችኝ።

«ስንቱን?»

«አንዱንም። ሴትዮዋ ‹ኤክስ ስኩዌር› ስትል ምን ማለት እንደሆነ ጠየቅኳት። መንገር አይፈቀድልኝም አለችኝ።»

ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ሒሳብ እየታለፈላት ነው የመጣችው። ውኃ ገዝቼ ሰጠኋት።

ከሰዓት በኋላ ስድስት ድንጋዮች ቁጥር ተለጥፎባቸው ረጅም ጠረጴዛ ላይ ተደረደሩ። ልጆቹ በየተራ አይተው ስሙን እየጻፉ አለፉ። መዲና የመጨረሻዋ ናት። ሌሎቹ ጨርሰው ስለነበር ዳር ላይ ቆመው ያዩዋታል።

አንደኛውን በጥፍሯ መታ አድርጋ ወደ ጆሮዋ አስጠጋችው፤ ስለቱን በአውራ ጣቷ ቀስ ብላ ዳሰሰች። «ባልጩት ነው፤ ኦብሲዲያን። ቶሎ ስለቀዘቀዘ እንደ ብርጭቆ ሆኗል።» ሁለተኛውን ወዲያው፣ «ባዛልት» አለች። ሦስተኛውን ላሰችው። ከልጆቹ አንዷ ሳቋን አፈነች። ዶክተር ይልማ ዞር ብለው፣ «ጂኦሎጂስት ድንጋይ ይልሳል። እኔም ስልስ ነው የኖርኩት» አሏት። «ጨው» አለች መዲና። አራተኛውን በጥፍሯ ፋቀችው። «ጄሶ የሚሠራበት ነው፤ ጥፍር ይፍቀዋል።»

አምስተኛው ነጣ ያለ ድንጋይ ነበር። በአንድ እጇ ይዛ ከፍ ዝቅ አደረገችው። ወደ ሌላው እጇ አዛወረችው። ምላሷን አስነካችው፤ እንደገና አስነካችው። ጊዜው ረዘመ። አስተባባሪው ትክክለኛ መልሶቹ ያሉበትን ወረቀት ይዞ ቆሟል፤ አጠገቡ ስለነበርኩ አየሁት፦ ቁጥር አምስት፣ ኖራ ድንጋይ። እባክሽ በይው እያልኩ በልቤ ጸለይኩ። አስተምሬሻለሁ እኮ፣ በመስኮትም ቢሆን።

«ስሙን አላውቀውም» አለች። «ኖራ ድንጋይ ግን አይደለም።»

አስተባባሪው ወረቀቱ ላይ ሊጽፍ ሲል ዶክተሩ በእጃቸው ከለከሉት። «እንዴት አወቅሽ?»

«ይቀላል። የደረቀ ዳቦ ነው የሚመስለው። ምላሴንም ያዘው፤ ኖራ ድንጋይ እንዲህ አይዝም። አንድ ሹፌር ይሄን የመሰለ አምጥቶልኝ ነበር፣ ስሙን የሚነግረኝ ሰው አጥቼ ነው። አሲድ ካለ ይጨመርበት፤ ድምፅ ካወጣ እኔ ተሳስቻለሁ።»

ዶክተሩ ከመደርደሪያ ትንሽ የአሲድ ማንጠባጠቢያ ጠርሙስ አመጡ። ልጆቹ ተጠጉ። አንድ ጠብታ ድንጋዩ ላይ ወደቀ። ሁላችንም አንገታችንን አስግገን አዳመጥን። ምንም የለም።

«አልሰማሁም» አለች መዲና። «ይድገሙት።»

ደገሙት። ጠብታው ያለ ድምፅ ውስጡ ገብቶ ጠፋ። ዶክተር ይልማ ድንጋዩን አነሱ፣ ሌላኛውን ጎኑን ወደ ምላሳቸው አስጠጉ፣ ከዚያ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«የተሳሳተው የእኛ መልስ ነው» አሉ ሁሉም እንዲሰማ። «ይሄ ዳያቶማይት ይባላል። ሳጥኑ ውስጥ ከኖራ ድንጋዩ ጋር ተቀያይሯል። እኔም ቁጥሩን አይቼ አለፍኩ እንጂ ድንጋዩን አላየሁትም። ይሄ ጥያቄ ለሁላችሁም ተሰርዟል።» ከዚያ ከድንጋዩ ጥቂት ዱቄት ፍቀው ማይክሮስኮፕ ሥር አደረጉ።

«ምን ይታያል?» አለች መዲና።

በቀስታ ነገሯት። «በጣም ጥቃቅን ቅርፊቶች ናቸው። እንደ ወንፊት የተበሳሱ። አንዳንዱ ክብ ነው፣ አንዳንዱ እንደ ጀልባ ሾጠጥ ያለ። ውኃ ውስጥ የሚኖሩ ፍጥረታት ነበሩ፤ ሲሞቱ ወደ ታች እየሰመጡ ተከመሩ።»

«ድንጋዩ የመጣው ከየት ነው?»

«ከዚሁ ከአፋር።»

«ታዲያ እዚህ ሐይቅ ነበር ማለት ነው?»

«ነበር። ትልቅ ሐይቅ።»

ፊቷ ላይ ያየሁትን ነገር ልገልጸው አልችልም። ድንጋዩን በሁለት እጇ ይዛ ቆማ ቀረች። ስድስተኛውን ድንጋይ እንድትመልስ የሚያስታውሳት ሰው አልነበረም፤ በኋላ ራሷ ጠይቃ መለሰችው።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ያለፉት ልጆች ስም ተነበበ። አሥራ ሁለት ስም ተጠራ፤ የመዲና የለበትም። አጠገቤ ተቀምጣ እስከ መጨረሻው አዳመጠች። ተነስተን ልንወጣ ስንል ዶክተሩ ጠሩን።

«ሒሳቧ ባዶ ነው» አሉኝ። «ሞክራ የተሳሳተችው ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ማን ነው የሚያስተምራት?»

«ማንም።»

«ክረምቱን ልቀበላት እችላለሁ፤ አንድ ተጨማሪ ልጅ የማስገባት ሥልጣን አለኝ። ግን ስድስት ሳምንት ነው። መስከረም ላይ ስትመለስ ሒሳብና ሳይንስ የሚያስተምራት ሰው ከሌለ ጥቅሙ አይታየኝም። ለማይሆን ነገር ተስፋ መስጠት ነው የሚሆንብኝ። ሰው አለ?»

ቦርሳዬን ደረቴ ላይ አቅፌ ይዣለሁ፤ ደብዳቤው ውስጡ ነው። ያኔ መዲና ጣልቃ ገባች።

«ቲቸር መስከረም ላይ ወደ አገራቸው ይሄዳሉ። እናታቸው ብቻቸውን ናቸው። እኔ ለምጃለሁ፣ እንደ ዘንድሮው እሰማለሁ።»

ስለ ዝውውሬ ለክፍሉ ስነግር በመስኮቱ ሰምታኝ ኖሯል። የዘንድሮው እንዴት እንደነበረ ግን አልነገረቻቸውም። ልታሳጣኝ አልፈለገችም።

ጥቂት ደቂቃ እንዲታገሡኝ ለምኜ ወጣሁና እናቴ ጋ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኳት፤ ስለ መስኮቱም ጭምር።

«ልጅቷ ጎበዝ ናት?»

«ከእኔ ትበልጣለች፣ እማዬ።»

«ታዲያ እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ?» አለች። ቀጥላ፣ «እኔ ጎረቤት አለኝ። እሷን አስጨርሻት» ብላ ቶሎ ዘጋች። እያለቀሰች እንደነበር ያወቅሁት ከዓመታት በኋላ ስትነግረኝ ነው።

ተመልሼ ገባሁ። «ሰው አለ» አልኳቸው።

ከዚያ በኋላ የሆነው እንደዚያ ቀን የሚያምር አልነበረም። ብሬል የተማርኩት በሠላሳ አራት ዓመቴ ነው፤ ያስተማረችኝም እሷ ናት። ጣቴ ደነዘዘ፣ ተበሳጨሁ፣ ሁለት ጊዜ ትቼው ነበር። ጣውላ ላይ ሚስማር መትተን በላስቲክ ግራፍ እየሠራን ከሰባተኛ ክፍል ሒሳብ ጀመርን። ‹ኤክስ ስኩዌር› ምን እንደሆነ የገባት ቀን ተናድዳ ነበር። «ይሄን ነው እንዴ የደበቁኝ?» አለችኝ። ተፈጥሮ ሳይንስ ልትመርጥ ስትል የተጻጻፍነው ደብዳቤ አንድ ፋይል ይሞላል። አባቷ ግን ነገሩ ሲከብደኝ እየመጣ፣ «ኢንሻአላህ ይሆናል፤ አንቺ ብቻ ክንድሽን አትንሻት» ይለኝ ነበር።

ሆነ። ዩኒቨርሲቲ ገብታ ጂኦሎጂ አጠናች። ማይክሮስኮፕ ባለበት ትምህርት ጓደኛዋ የምታየውን ትነግራታለች፣ እሷ ደግሞ ትርጉሙን ትነግራታለች፤ ሁለቱም በጥሩ ውጤት ጨረሱ። ዛሬ መዲና ረዳት መምህርት ናት። እዚሁ አፋር ውስጥ ድንጋይ እያጠናች ሁለተኛ ዲግሪዋን ትሠራለች።

እኔስ? እሷ እስክትጨርስ ብዬ የቀረሁት እስካሁን አዋሽ ነኝ። እናቴን በየክረምቱ እጠይቃታለሁ። ይህን የምታነቡ መምህራን ካላችሁ አንድ ነገር ልለምናችሁ። እኔ ክፉ ሰው አልነበርኩም፣ እናንተም አይደላችሁም። ነገር ግን «አትድከም» ብላችሁ ያሰናበታችሁት ልጅ ካለ፣ ሂዱና የት እንደተቀመጠ እዩ። ስለ ችሎታው ከመወሰናችሁ በፊት እሱን ራሱን ጠይቁት። ዶክተር ይልማ ያን ቀን ያደረጉት ይህን ብቻ ነው፤ ለእኔ ግን አንድ ዓመት ሙሉ ፈጅቶብኛል።

ባለፈው ወር መዲና ትምህርት ቤታችን መጥታ አንድ ክፍለ ጊዜ አስተማረችልኝ። እኔ ከኋላ ተቀምጬ ነበር። ማብራሪያዋን ስትጨርስ ከፊት ያሉት አምስት ወንዶች እንደ ልማዳቸው እጃቸውን አወጡ፤ ሁልጊዜ የምጠራቸው እነሱን ነው። መዲና ግን እጃቸውን አታይም።

«ጥያቄ ያለው ስሙን ይናገር፤ በሰማሁት ቅደም ተከተል እጠራችኋለሁ» አለች።

ከዚያ ከመሃል አንዲት ልጅ በቀጭን ድምፅ፣ «አስያ» አለች። ከኋላዬ ሌላዋ፣ «ከዲጃ»። ከበሩ አጠገብ፣ «ሞሚና»። እስክርቢቶዬን አውጥቼ ስማቸውን መጻፍ ጀመርኩ። ዓመቱን ሙሉ ያስተማርኳቸው ልጆች ናቸው፤ የብዙዎቹን ድምፅ ስሰማ ያ የመጀመሪያዬ ነበር።